ድምፁ ካልተሰማ ፊልሙ አልታየም

ባለፈው እትም «አፕግሬድ» ስለሚባለው ፊልም ሁለት መስመር ብቻ ጽፌ ነበር። ጨለም ያለ አክሽን ነው፣ ልብ አንጠልጣይ ነው፣ ሳይንስ ልቦለድም አለበት፣ የሚገባውን ያህል ግን አልታየም፤ ያያችሁት ካላችሁ ጻፉልኝ ብዬ አለፍኩ። ከቢቸና፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከዳንግላ፣ ከቡሬ፣ ከደብረ ማርቆስ ጻፋችሁልኝ። ይህን ያህል ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፤ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ስለዚህ የዚህ ወር ዓምድ በሙሉ ለእሱ ይሁን።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የጻፍክለትን ፊልም እኔም አይቼዋለሁ። አንገቱ ላይ ቺፕ የሚገባለት ሰውዬ ነው አይደል? በትርጉም ነው ያየሁት። ድብድቡ አሪፍ ነው። ከዚያ ውጪ ግን ሚስቱ ተገደለችበት፣ ገዳዮቹን አንድ በአንድ ለቀማቸው፣ አለቀ። እንዲህ ዓይነት ፊልም ስንት አለ! ምኑ ነው እንዲህ ያስወደደህ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አልፈርድብህም። እኔም መጀመሪያ ያየሁት ልክ እንዳንተ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ። ዳንግላን እንዳለፍን ረዳቱ ፍላሹን ሰካ፤ ቡሬ ስንገባ ፊልሙ አለቀ። ትርጉም ነበር። ተርጓሚው ጎበዝ ነው፣ አማርኛው ይጣፍጣል፣ ተሳፋሪው ሁሉ አፉን ከፍቶ ነው ያየው። ግን የሁሉንም ሰው ንግግር በአንድ ድምፅ ነው የሚያወራው። የሰውየውንም፣ የፖሊሷንም፣ የቺፑንም። ከታች የነበረው ድምፅ ጠፍቷል። እውነቴን ነው፣ እኔ ከአውቶቡሱ የወረድኩት ሰውየው ብቻውን የሚያወራ መስሎኝ ነው።

ከወራት በኋላ ቤቴ ሆኜ በላፕቶፕ፣ በኢርፎን፣ በራሱ ቋንቋ አየሁት። ማታ ነበር፤ መሃል ላይ መብራት ጠፋ፤ በባትሪ ቀጠልኩ። ሌላ ፊልም ሆኖ አገኘሁት።

ላላዩት ታሪኩን በአጭሩ ልናገር። ግሬይ ትሬስ ሜካኒክ ነው። መኪናው ሁሉ ራሱን በሚነዳበት ዘመን እሱ ጋራዡ ውስጥ የድሮ መኪና በእጁ እየፈታ ይገጥማል፤ እጁ ሁሌም ግሪስ ነው። አንድ ማታ የተሳፈሩበት ራሱን የሚነዳ መኪና መንገድ ስቶ ወደ ማይሆን ሰፈር ወስዶ ይገለብጣቸዋል። አራት ሰዎች ይደርሳሉ። ሚስቱን ይገድላሉ፣ እሱን ደግሞ ከአንገቱ በታች ሽባ ያደርጉታል። አንድ ሀብታም የቴክኖሎጂ ሰው መጥቶ ስቴም የሚባል ቺፕ በአከርካሪህ ላይ ላስገባልህ ይለዋል። በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ለማንም እንዳትናገር። ግሬይ ይቆማል፣ ይራመዳል። ሰው ፊት ግን ዊልቸሩ ላይ ተቀምጦ ሽባ እንደሆነ ያስመስላል።

ከዚያ አንድ ቀን ጭንቅላቱ ውስጥ ቺፑ ያናግረዋል።

እዚህ ላይ ነው ትርጉሙ ያስቀረብህ። የስቴም ድምፅ የአውስትራሊያዊው ተዋናይ የሳይመን ሜይደን ነው። ረጋ ያለ ነው። አይቆጣም፣ አይቸኩልም፣ አያስፈራራም። እንደ ጥሩ አስተማሪ ነው የሚያወራው። ሰውየው እየጮኸ፣ እያለቀሰ፣ ደም በደም ሆኖ እንኳ ያ ድምፅ ከፍም ዝቅም አይልም። ፊልሙ ገና ሲጀምር የአዘጋጆቹን ስም የሚያነበው ድምፅ መሆኑን አስተውለሃል? ሌላ ፊልም ላይ የምናነበውን እዚህ እንሰማዋለን። ከመጀመሪያው ሰከንድ ጆሮህን ክፈት እያለህ ነው።

አሁን ኩሽናውን አስታውስ። ግሬይ ከገዳዮቹ የአንዱ ቤት ገብቷል፤ ሰውዬው ይደርስበታል። ግሬይ መደባደብ አይችልም። ተመትቶ ወድቋል፣ ሊሞት ነው። ያኔ ስቴም ፈቃድ ይጠይቀዋል። ሰውነትህን ልምራልህ? ነው ነገሩ። ግሬይ እሺ ይላል። ከዚያ ሰውነቱ ከወለሉ ላይ ብድግ የሚልበትን አነሳስ ተመልከት። እጁን ሳያስደግፍ፣ ሳይወላገድ፣ በገመድ እንደሳቡት ቀጥ ብሎ ይቆማል። እጁ ይመክታል፣ ይመታል፣ ሳህን ይሰብራል፣ ቢላ ያነሳል። ፊቱ ግን ሌላ ቦታ ነው። ዓይኑ ፈጦ፣ አፉ ተከፍቶ፣ እጁ የሚሠራውን ላለማየት ጭንቅላቱን ለማዞር እየታገለ።

ሠርግ ላይ ደህና እስክስታ የሚወርድ ጎረምሳ አይተሃል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ አንገቱ ይሰበቃል፣ ፊቱ ደግሞ ይፈካል። ሰውነቱና ፊቱ አንድ ላይ ነው የሚጨፍሩት። እዚህ ሁለቱ ተለያይተዋል። ከትከሻ በታች አንድ ሰው፣ ከአንገት በላይ ሌላ ሰው። መሪ ተዋናዩ ሎጋን ማርሻል ግሪን ይህን በሰውነቱ ነው የሠራው፣ እኔ ስንት አክሽን አይቼ እንዲህ ዓይነት ትወና አላስታውስም።

ስለዚህ ይህ የበቀል ታሪክ ብቻ አይደለም። በቀሉ ከላይ ያለው ነው። ፊልሙ ከሥር የሚጠይቀው፣ እጄ ሲገድል ገዳዩ ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ ፈቃድ የሰጠሁት? ይህ ጥያቄ የሚወጣው የሁለቱ ድምፅ ተለይቶ ሲሰማ ነው። አንድ ተርጓሚ ሁለቱንም ሲያወራቸው ጥያቄው ራሱ ይጠፋል። እባክህ በሰብታይትል ድገመው። እንግሊዝኛው ባይገባህ እንኳ ድምፁ ይገባሃል።

ጥያቄ፦ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን ማንም አያወራለትም? ጥሩ ፊልም ተደብቆ ይቀራል እንዴ? (ፊልም ወዳዱ፣ ከቡሬ)

መልስ፦ ይቀራል፣ በደንብ ይቀራል። የዚህን ልንገርህ። ጸሐፊውም ዳይሬክተሩም ሊ ዋኔል የሚባል አውስትራሊያዊ ነው። ከጄምስ ዋን ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2004 «ሶው» የተባለውን አስፈሪ ፊልም የፈጠሩት እነሱ ናቸው፤ ያን ፊልም በ18 ቀን ነው የቀረጹት። በትንሽ ብር ብዙ መሥራት የለመደ ሰው ነው። «አፕግሬድ»ንም ሜልበርን ውስጥ የሠራው በሦስት ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። ለእኛ ብዙ ነው፤ ለሆሊውድ አክሽን ግን የአንድ ትልቅ ተዋናይ ክፍያ እንኳ አይሞላም። ከተማው ወደፊት ያለ ከተማ እንዲመስል አስቦ፣ ብርሃኑን አጨልሞ፣ ጥቂት ቦታ መርጦ ነው ያለፈው። ጨለማው ለውበትም ነው፣ ለቁጠባም ነው።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 ቴክሳስ ኦስቲን ላይ በሚካሄደው ሳውዝ ባይ ሳውዝዌስት ፌስቲቫል ታየና በእኩለ ሌሊት ፊልሞች ዘርፍ የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ። ያዩት ሰዎች ወደውታል ማለት ነው። ሰኔ 1 ቀን 2018 አሜሪካ ሲኒማ ገባ፤ በእኛ ግንቦት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። በጠቅላላው ያስገባው 17 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ለወጪው አይከፋም፣ ግን ድምፅ አልነበረውም። ትልቅ ስም ያለው ተዋናይ የለም፣ ማስታወቂያው ትንሽ ነው።

ከአራት ወር በኋላ ደግሞ «ቬነም» መጣ። እሱም ሰውነቱ ውስጥ ሌላ ድምፅ ስለሚያወራበት ሰው ነው፣ ድምፁም ሰውነቱን ይቀማዋል። መሪ ተዋናዩ ቶም ሃርዲ ነው፤ ከሎጋን ማርሻል ግሪን ጋር ደግሞ መልካቸው ይመሳሰላል። ያ ፊልም ከ850 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ሰው «ሰውነቱ ውስጥ ድምፅ ያለበት ሰውዬ» ሲባል ትዝ የሚለው ያኛው ነው። ትንሹ በትልቁ ጥላ ሥር ቀረ። እኔን ይህ ያበሳጨኛል፣ ምክንያቱም ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ሳይፈራ የወሰደው ትንሹ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ሠርግና ክሊፕ ነው የምቀርጸው። ድብድቡ ላይ ካሜራው ከሰውየው ጋር አብሮ ይወድቃል፣ አብሮ ይነሳል፣ ክፍሉ ሁሉ ሲዞር እሱ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ይታያል። በጊምባል ሞከርኩት፣ እምቢ አለኝ። እንዴት ነው የሠሩት? (ካሜራ ማን፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ በጊምባል እምቢ ያለህ ትክክል ነው። የጊምባል ሥራው ተቃራኒው ነው፤ የእጅህን እንቅስቃሴ ውጦ ካሜራውን ቀጥ ማድረግ። አንተ የምትፈልገው ደግሞ ካሜራው የሰውየውን እንቅስቃሴ እንዲሰርቅ ነው።

እነሱ ያደረጉት ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ስልክ ውስጥ መዘንበሉንና መዞሩን የሚለካ ጋይሮስኮፕ አለ። ሲኒማቶግራፈሩ ስቴፋን ዱሺዮና ቡድኑ ስልኩን በተዋናዩ ሰውነት ላይ ልብሱ ሥር ደብቀው አሰሩት። ካሜራው፣ አሌክሳ ሚኒ ነው፣ የስልኩን እንቅስቃሴ በገመድ አልባ እየተቀበለ በዚያው ልክ እንዲያዘነብል አደረጉት። ተዋናዩ ወደ ኋላ ሲወድቅ ካሜራውም አብሮት ይወድቃል። ለዓይንህ ግን ሰውየው ሳይሆን ዓለሙ የተጋደመ ይመስላል። በፊት ይህን የመሰለ ነገር ስኖሪካም በሚባል ተዋናዩ ደረት ላይ በሚታሰር ካሜራ ነበር የሚሠራው፤ እሱ ግን ፊትና ደረት ብቻ ነው የሚያሳየው። እነዚህ ከሩቅ ሆነው ሙሉ ሰውነቱን አሳዩ።

አንተ በምን ትሠራዋለህ? በኤዲቲንግ። በፎር ኬ ቅረጽ፣ ሰውየውን ሰፋ አድርገህ ያዝ፣ ዳር ዳሩ ስለሚቆረጥ ብዙ ቦታ ተው። ሹተርህን ፈጣን አድርገው፣ 1/200 አካባቢ፤ አለዚያ ምስሉ ይደበዝዝና ሶፍትዌሩ ነጥቡን ይስታል። ከዚያ አፍተር ኢፌክትስ ላይ ሁለት ነጥብ ትራክ ታደርጋለህ፣ ግራ ትከሻና ቀኝ ትከሻ። አንድ ነጥብ ቦታውን ብቻ ነው የሚይዝልህ፤ ማዘንበሉን የሚይዘው ሁለቱ ሲሆኑ ነው። ትከሻው ላይ ጎልቶ የሚታይ ነገር ካለ፣ ቁልፍ ይሁን ጥልፍ፣ ሥራህ ይቀላል። ሚዜዎቹ ላይ ሞክረውና ላክልኝ፣ ከልቤ ማየት እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ተገልብጦበት ከአንገቱ በታች አይንቀሳቀስም። ሁለት ዓመት ሆነው። የማጥበውም የማበላውም እኔ ነኝ። ጓደኞቹ መጥተው ይህን ፊልም አሳዩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ቺፑ ብቻ ነው የሚያወራው። የት ነው ያለው፣ ስንት ነው፣ ይለኛል። እኔ ምን እንደምመልስለት አላውቅም። እውነት እንዲህ ያለ ነገር አለ? (ከቢቸና)

መልስ፦ እህት ዓለም፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። እግዚአብሔር ያበርታሽ። ለወንድምሽ የማይሆን ተስፋ መስጠት አልፈልግም፣ ተስፋውን መንጠቅም አልፈልግም። ስለዚህ ያለውን እንዳለ ልንገርሽ።

እንደ ፊልሙ በአንድ ቀዶ ሕክምና አስነስቶ የሚያስሮጥ ቺፕ የለም። የሚሸጥበት ቦታም የለም። አለ ብሎ ብር የሚጠይቃችሁ ሰው ቢመጣ እንዳትሰጡ።

ግን ሥራው ተጀምሯል፣ ይህም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ በተደረገ ሙከራ አሜሪካ ውስጥ ለ15 ዓመት ያህል ሽባ ሆና የኖረች ሴት ጭንቅላቷ ላይ በተተከለ ትንሽ መሣሪያ የሮቦት እጅ በሐሳቧ አንቀሳቅሳ ቡናዋን ራሷ ጠጣች። በ2023 ስዊዘርላንድ ሎዛን ያሉ ተመራማሪዎች ከጉዳቱ 12 ዓመት ገደማ ለሆነው ሰው አንዱን መሣሪያ ከአንጎሉ፣ ሌላውን ከአከርካሪው ጋር አያይዘው ሐሳቡ የተጎዳውን ቦታ ዘሎ እንዲያልፍ አደረጉ፤ ሰውየው በክራንች ቆሞ ሄደ። የእሱ ነርቭ ግን ሙሉ በሙሉ የተበጠሰ አልነበረም። በጥር 2024 ደግሞ ኒውራሊንክ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመጀመሪያውን ሰው ላይ ተክሎ፣ ከትከሻው በታች የማይንቀሳቀሰው ሰው ኮምፒውተር ላይ በሐሳቡ ቼዝ ተጫወተ። እነዚህ ሁሉ ገና ሙከራ ላይ ናቸው። በሁሉም ላይ ደግሞ የሚያስበው ሰውየው ነው፣ ማሽኑ ይታዘዛል። ፊልሙ ይህን ነው የገለበጠው።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ልታደርጊለት ትችያለሽ፣ እንዲያውም መልሴን የጀመርኩት ለዚህ ነው። አንድሮይድ 12ና ከዚያ በላይ የሆነ ስልክ በፊት እንቅስቃሴ መታዘዝ ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለውን ክፈቺ፣ ስዊች አክሰስ የሚለውን ፈልጊ፣ ከዚያ በካሜራ የሚለውን ምረጪ። አንዳንድ ስልክ ላይ መጀመሪያ ከፕሌይ ስቶር ስዊች አክሰስ የሚባለውን አፕ ማውረድ ይጠይቃል። ስልኩን ፊቱ ፊት ለፊት አቁሚለት። ፈገግ ሲል አንድ ትእዛዝ፣ ቅንድቡን ሲያነሳ ሌላ፣ አፉን ሲከፍት ሌላ ይሆናል። ቋንቋ አይፈልግም። መጀመሪያ ያደክማል፣ ያናድዳል፤ ሲለምደው ግን ራሱ ይደውላል፣ ራሱ ሙዚቃ ይከፍታል፣ የሚያየውን ፊልም ራሱ ይመርጣል። ጓደኞቹ ፊልም ካመጡለት ይህንንም አብረውት ያስተካክሉለት።

ሌላው የምታውቂው ሊሆን ይችላል፣ ግን ልድገመው። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጪው። ተረከዙን፣ ዳሌውን፣ የጭራ አጥንቱን በየቀኑ እዪ፤ ቀልቶ የማይለቅ ቦታ ካየሽ ቁስል ሊጀምር ነው፣ በዚያ ጎኑ አታስተኚው። መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ እጅና እግሩን ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል፤ እንዴት እንደሆነ ፊዚዮቴራፒስት አንድ ጊዜ ቢያሳይሽ አንቺው ትቀጥያለሽ። የሽንት ቱቦ ካለውና ትኩሳት ከመጣበት አትጠብቂ፣ ሐኪም ይየው።

ስለ ፊልሙ አንድ ነገር ቅር ይለኛል፣ ወንድምሽ ጋር ሆናችሁ እንድታወሩበት ብዬ ነው የምነግርሽ። ግሬይ ሽባ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ በጣም አጭር ነው። እናቱ ስትንከባከበው እናያለን፣ መሞት ሲፈልግ እናያለን፣ ከዚያ ቶሎ ይነሳል። ተነስቶ እስኪደባደብ ፊልሙ ቸኩሏል። ያን ዊልቸር ላይ ተቀምጦ የሚኖረውን ኑሮ፣ አንቺና ወንድምሽ በየቀኑ የምትኖሩትን፣ ሊያየው አልፈለገም። ወንድምሽ ከፊልሙ የጎደለውን ከዳይሬክተሩ የበለጠ ያውቃል። ጠይቂው፣ ይንገርሽ። ቢፈቅድ እኔም መስማት እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ፊልሙን ሳይ ሌላ ነገር ነው የታየኝ። አያቴ ዛር ነበረባቸው። በልጅነቴ ሲነሳባቸው አይቻለሁ፤ ድምፃቸው ይለወጣል፣ አሮጊቷ ሴትዮ እንደ ጎረምሳ ይነሳሉ። ይህ ቺፕ የተባለው ዛር አይደለም ወይ? ወይስ እኔ ነኝ ነገር የማገናኘው? (ከዳንግላ)

መልስ፦ መምህር፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ከወንበሬ ተነስቻለሁ። ይህ ነገር በልቤ ነበረ፣ ቃሉን ያገኙለት ግን እርስዎ ነዎት።

እኛ ዛር የያዘውን ሰው ምን እንለዋለን? ፈረስ። ዛሩ ይጋልበዋል እንላለን። ኩሽናው ውስጥ ያየነው ምንድን ነው? ፈረስና ጋላቢ ነው። እጁን የሚዘረጋው ጋላቢው፣ የሚደነግጠው ፈረሱ። ዛር ደግሞ ግብር ይፈልጋል፤ ቡናው፣ ሽቶው፣ ዶሮው በዚህ መልክ ይሁን ብሎ ያዛል፣ ግብሩ ሲቀር ፈረሱን ይጥላል። የስቴምም ግብር አለው፤ ዝምታ ነው። ለማንም አትናገር። እናትህ እንኳ እያየችህ ሽባ ምሰል።

ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ የዛር ሥርዓትን ሲመዘግብ ከርሞ፣ በኋላ ዛርን ከቴአትር ጋር አያይዞ ጽፏል። የተያዘው ሰው የሚናገረው፣ የሚለብሰው፣ አነሳሱ ሁሉ ትወና አለበት ብሎ ነው። ማርሻል ግሪን ዛርን ያውቃል ማለቴ አይደለም። አንድ ሰውነት ሁለት ባለቤት ሲኖረው ምን እንደሚመስል ግን የእርስዎ አያት ደጅ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቃል።

እኔ ያሰብኩት ልዩነት አለ፣ ይህን ነው ልነግርዎት የጓጓሁት። የእኛ ዛር ሲመጣ ሁሉም ሰው ይሰማዋል። በሰውየው አፍ ነው የሚናገረው። ጎረቤት ተሰብስቧል፣ ቡና ተፈልቷል፣ እጣኑ ይጨሳል፤ «ማን ነህ? ከየት ያዝካት? ምን ትፈልጋለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ጠበል ቦታም ቢሆን ቄሱ ስሙን ያስለፈልፉታል፣ ልቀቅ ይሉታል፣ ሕዝቡ ይሰማል፣ እለቃለሁ ሲል ምስክር አለ። የተያዘው ሰው ራሱ ምን እንደተናገረ ላያውቅ ይችላል፤ ቤተሰቡ ግን ያውቃል። ይከራከርለታል፣ ይለምንለታል።

የግሬይ ተቃራኒ ነው። ድምፁን የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። ሚስቱ ሞታለች። እናቱ አትሰማም። ነገሩን የያዘችው መርማሪ ፖሊስ፣ ቤቲ ጋብርኤል ናት ቆንጆ አድርጋ የሠራችው፣ አንድ ነገር እንዳለ ትጠረጥራለች፣ ግን አትሰማም። «ማን ነህ? ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ የሚጠይቅለት ሰው የለም። ለብቻው ተስማማ፣ ለብቻው ፈቀደ። ፊልሙን ጨለማ ያደረገው ለእኔ ደሙ አይደለም፣ ይህ ብቸኝነት ነው። ለዚህም ነው ለደብረ ማርቆሱ ወንድሜ ስለ ትርጉሙ ያን ያህል የጻፍኩለት። ተርጓሚው ድምፁን ከሸፈነው እኛም ከማይሰሙት ጎረቤቶች አንዱ ሆንን ማለት ነው። ፊልሙ ደግሞ ከእሱ ጋር የምንሰማ ብቸኛ ሰዎች አድርጎን ነበር።

አያትዎ ሲነሳባቸው ያዩትን ቢጽፉልኝ ቦታ እሰጥዎታለሁ።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ ጓደኞቹ ቤት ይህን ፊልም ሊያይ ነው መሰለኝ። ልተወው? (እናት፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አይተዉት እናቴ። ቢላ አለ፣ አፍ ሲቀደድ ይታያል፣ ካሜራው ዞር አይልም። አሜሪካ ውስጥ ራሱ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ሲኒማ ገብቶ እንዳያየው ተብሎ ነው የተመደበው። ቪዲዮ ቤት ይህን የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ እርስዎ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ክፍል ሁለት ብለው የሸጡልኝ ሌላ ፊልም ነው። ክፍል ሁለት አለው? የመጀመሪያውም ቢሆን ከጓደኛዬ በፍላሽ የቀዳሁት መጨረሻው ላይ ይቆረጣል። ምን ሆነ ሰውየው? በናትህ ንገረኝ። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ክፍል ሁለት ተብሎ የወጣ ፊልም የለም። ሊ ዋኔል ከዚያ በኋላ በ2020 «ዘ ኢንቪዚብል ማን»ን፣ በ2025 ደግሞ «ዎልፍ ማን»ን ነው የሠራው። የሸጠልህን ሰው ብርህን አስመልሰው።

መጨረሻውን አልነግርህም። አትቀየመኝ፣ ሰስቼብህ አይደለም። ፋይልህን እይ፤ ሙሉው አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ ካነሰ ሌላ ኮፒ ፈልግ፣ የተቆረጠብህ ለፊልሙ ሁሉ ነገር የሆነው ቦታ ነው። እስክታገኝ ድረስ ያለህን ክፈት፣ ኢርፎንህን ሰካ፣ ከኩሽናው ጀምር። ስቴም ፈቃድ በጠየቀ ቁጥር ደቂቃዋን ወረቀት ላይ ጻፋት። ሰውየው ወደ ኮምፒውተር ጠላፊው (ሃከሩ) ቤት የሚሄድበት ቦታ ስትደርስ አቁም፣ ወረቀትህን እይ፣ ከዚያ ቀጥል። ከዚያ ወዲያ የምትጽፈው ደቂቃ ካገኘህ ንገረኝ።